የሁሉም ግምት ይጻፋል

እማዬ ኮምፒውተሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታዘው እኔ ጠረጴዛው ሥር ነበርኩ። በማግኔት የወረቀት ማያያዣ አሳድዳለሁ። ከላይ የጣቶቿ ድምፅ ይሰማኛል፤ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው። እንደሷ ፈጥኖ የሚጽፍ ሰው ሰፈሩ ውስጥ አልነበረም። ማመልከቻ ሊያስጽፉ የሚመጡ ሰዎች ተናግረው ሳይጨርሱ እሷ ጨርሳ ትጠብቃቸዋለች። ድንገት ዝናቡ ቆመ። ወንበሯ ወደ ኋላ ተንሸራተተ።

«ውጪ እስቲ» አለችኝ። «ውጪና እዪ።»

ወጣሁ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ አረንጓዴ ቁጥሮች እየተከታተሉ ይወርዳሉ። ሰባት። አሥራ አራት። ሃያ አንድ። የሰባት ማባዣ ነው፤ እኔን ክፍል ውስጥ ሰው ፊት ያስለቀሰኝ የሰባት ማባዣ። የእማዬ እጆች ጭኗ ላይ ናቸው። ማንም ምንም አይነካም፤ ቁጥሮቹ ግን ይወርዳሉ።

«ማን ነው የሚጽፈው?»

«ራሱ።»

«ማን ነግሮት?»

«እኔ።» እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ሳቋ ግን በጣቶቿ መሃል አመለጠ። «እኔ ነገርኩት፣ እሱ ሰማኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ሌላ ሰው ሆነችብኝ። የሌሎች ልጆች እናቶች የሚያዙት ልጆቻቸውን ነው፣ እሱም ልጆቹ እሺ ካሉ። የኔ እናት ማሽን ታዛለች።

ጽሕፈት ቤቱ የቤታችን የፊተኛው ክፍል ነበር። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ ወረቀት ሲጎርስ የሚያቃስት ፎቶ ኮፒ፣ ለባለጉዳይ አግዳሚ ወንበር፣ በሩ የተነቀለ አሮጌ ቁም ሳጥን፤ በቃ። የሞቀ ቀለም ይሸታል። እማዬ መስኮቱ ላይ «ማመልከቻ እንጽፋለን» ከሚለው ጎን ሌላ ወረቀት ለጠፈች። «የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ የምትወዱ ሁሉ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚህ እንገናኝ።»

አክስቴ፣ የእማዬ ታላቅ እህት፣ ውጭ ቆማ አነበበችውና ከንፈሯን መጠጠች።

«ይሄን የሚወድ ጤነኛ ሰው አለ?»

«አንድ አይጠፋም» አለች እማዬ። «አንድ ሰው ብቻ ይምጣልኝ፣ እቴቴ።»

እኔ ተናደድኩ። ለምን አንድ ብቻ? እንደሷ ያለች ሰው አዳራሽ መሙላት አለባት።

ሦስት መጡ።

መጀመሪያ ሰዓት ሠሪው። ሱቁ ከመንገዱ ማዶ ነው። ዓይኑ ላይ የሚያደርጋትን ትንሽ ማጉያ ግንባሩ ላይ ረስቷት ስለመጣ ሦስት ዓይን ያለው ይመስላል። ትልቅ ሰው ነው፤ ሲናገር ቃል በቃል፣ እንደ ብሎን እያጠበቀ። ቀጥሎ ፋርማሲስቷ፣ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች። እሷ ደግሞ ቸኩላ ገብታ ቸኩላ ትቀመጣለች፤ ሁልጊዜ ሰው ጥላ የመጣች ይመስላል። መጨረሻ ላይ ዳቦ ጋጋሪው። ሰፈሩ በሙሉ መሰላል ነው የሚለው፤ አምፖል የሚቀይረው ወንበር ላይ ሳይወጣ ነው። በሩን ጎንበስ ብሎ ገባና ዱቄቱን ደረቱ ላይ አራግፎ ክፍሉን ጭጋግ አስመሰለው።

አግዳሚው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ደብተር ገለጡ። እስክሪብቶ አወጡ። እማዬን አዩዋት።

እማዬ እነሱን አየቻቸው።

ፎቶ ኮፒው እንኳን አላቃሰተም።

«ቲቸር» አለ መሰላል በመጨረሻ፣ «ዛሬ ምን እንማራለን?»

ቲቸር። እናቴን ነው። እኔ ከቁም ሳጥኑ ጎን ቆሜ በኩራት ልፈነዳ ምንም አልቀረኝም። እማዬ ወንበሯን ወደ እነሱ አዞረች። ከዚያ «መጀመሪያ ምን መሥራት እንደምትፈልጉ ንገሩኝ» አለች።

ፋርማሲስቷ ጥያቄዋ ምላሷ ላይ ነበር። «እኔ አለሁ። የመድኃኒት ቀን። በየመደርደሪያው እያገላበጥኩ ጊዜው ያለፈበትን ስፈልግ ዓይኔ ሊጠፋ ነው። ኮምፒውተሩ ቀድሞ ይንገረኝ። ይሆናል?»

«እናንተስ ምን ትላላችሁ?» አለች እማዬ ወደ ሌሎቹ ዞራ።

ሰዓት ሠሪው አሰበ። መሰላል ጭንቅላቱን አከከና ዱቄት ረገፈ። ማሽኑ እንዴት ቢታዘዝ እንደሚሰማ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ነገር ገመቱ። ከቁም ሳጥኑ ተነቅሎ ጥቁር ቀለም የተቀባ በር ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር፤ ግምታቸውን እየተነሱ በጠመኔ እዚያ ላይ ጻፉ። እማዬ ሁሉንም ሰማች። ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ «ይሞከር» አለችና የሁሉንም በተራ በተራ ጻፈችው።

የመጀመሪያው አልሠራም። ሁለተኛው አልሠራም። ሦስተኛው ላይ ማሽኑ አንድ መስመር ጻፈ፦ የመድኃኒቱን ስም አስገባ።

ሦስቱም ከአግዳሚው ብድግ አሉ። አግዳሚው ተገለበጠ። የመሰላል አናት አምፖሉን መታና ክፍሉ ውስጥ ጥላችን ሁሉ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ።

እኔ እንዲህ ገባኝ፦ እማዬ መልሱን ታውቃለች፣ ግን አትናገርም። የኔ አስተማሪ መልሱን ሰሌዳው ላይ ጽፎ ገልብጡ ይላል፤ እሱ ተራ አስተማሪ ነው። እሷ ግን ታስለፋቸዋለች። ቂል የሆነ ግምት እንኳን ሲመጣ ፊቷ አይለወጥም። «ይሞከር» ትላለች፣ እንደ ንግሥት።

ወሬ ማንዛዛት አልወድም፣ ስለዚህ እውነቱን አሁኑኑ ልናገር። እማዬ ምንም አታውቅም ነበር።

የሰባትን ማባዣ ከኮምፒውተሩ ጋር ከመጣ፣ ግማሹ ከተቀደደ መጽሐፍ ላይ ነው የገለበጠችው። መገልበጥ ሥራዋ ነው፤ የማይገባትን ቋንቋ እንኳን አንድ ነጥብ ሳትስት ትጽፋለች። ሠራላት። ለምን እንደሠራ ሳታውቅ ቀረች፤ ይሄ አንገበገባት። ማስታወቂያውን የለጠፈችው የሚያውቅ ሰው መጥቶ እንዲያስተምራት ነበር። አንድ ሰው ብቻ ያለችው እሱን ነው። የመጡት ሦስቱ ደግሞ ማስታወቂያ የሚለጥፍ ሰው መቼም አስተማሪ ነው ብለው መጡ።

ይህን የነገረችኝ እኔ ካደግኩ በኋላ ነው፣ ድንች እየላጠች። «ሱቃቸውን ዘግተው መጡ» አለችኝ። «አዲስ ደብተር ይዘዋል። እያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀን ጽፈዋል። ምን ልበላቸው? አላውቅም ብል ተነስተው ይሄዳሉ፤ እኔም ከማሽኑ ጋር ብቻዬን እቀራለሁ።»

የሁሉንም ግምት የምትጽፈው የማን ትክክል እንደሆነ ስለማታውቅ ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም። የሚያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ሁለቱን ገና ሳይጻፉ ይጥላቸው ነበር፤ ባለቤቶቹም በሚቀጥለው ቅዳሜ ቤታቸው ይቀሩ ነበር።

እነሱ ግን አልቀሩም። እንዲያውም ቅዳሜ አልደርስ ይላቸው ጀመር። ሰዓት ሠሪው ማክሰኞ መንገዱን ተሻግሮ ይመጣና ባለጉዳይ መሃል ቆሞ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንድ ነገር መጣልኝ» ይላታል። ትልቅ ሰውዬ፣ እናቴን እርስዎ ነው የሚላት፤ አስተማሪ ነቻ። ፋርማሲስቷ መድኃኒት የገባበትን ካርቶን እየቀደደች ጀርባው ላይ ግምት ትጽፋለች። መሰላል እንጀራዬ ነው የሚለውን ዳቦ ሁለት ጊዜ አሳረረ። እኔ ሊጥ እየሸተተ የሚመጣ ሰው ስለ ኮምፒውተር ሲጨቃጨቅ ከማየት የሚበልጥ ደስታ አላውቅም ነበር። ይጨቃጨቃሉ ደግሞ።

«አንተ የነካኸውን ቁልፍ ማነው የሚያጥበው?» ትለዋለች ፋርማሲስቷ።

«እትዬ፣ ዱቄት እኮ ነው፣ መርዝ አይደለም። መርዝ የሚሸጠው ማን ሆነና።»

ለዚህ ነው ቁልፉን የምትነካው እማዬ ብቻ የሆነችው። የአንዱ እጅ ዘይት፣ የአንዱ እጅ ዱቄት።

በሌሎቹ ቀናት እማዬ ያንን መጽሐፍ ማድ ቤት የስኳሩ ቆርቆሮ ላይ ታስደግፈውና ወጥ እያማሰለች ታነባለች። ጆሮዋ ላይ እርሳስ አለ። ገጾቹ ዳር ላይ የጥያቄ ምልክት ታደርጋለች፤ አንዳንዱ ገጽ ላይ ሦስት፣ አራት። እኔ መጽሐፉን እያረመችው መሰለኝ። የጻፈው ሰው አሳዘነኝ፤ ብዙ ተሳስቷል።

አንድ ቀን ከአክስቴ ጋር እዚያው ማድ ቤት ሲያወሩ በሩ ጋ ቆሜ ሰማሁ።

«እስከ መቼ ነው እንዲህ የምትዘልቂው?» አለች አክስቴ።

«እስከቻልኩት።»

«አንድ ቀን አንዱ የተማረ ይመጣል። በአንዴ ነው የሚያውቅብሽ። ያኔ ምን ልትሆኚ ነው?»

«እቴቴ በናትሽ፣ ልጅቷ ትሰማሻለች።»

«ትስማ። መቼም አንቺ ይሄ ነገር ከተወሰደብሽ መኖርሽንም እንጃ።»

የገባኝን ልንገራችሁ። እማዬ አዋቂነቷን ደብቃለች። አንድ የተማረ ሰው ሲመጣ በአንዴ ያውቅባታል። ካወቀ ይወስዳታል። ወዴት እንደሚወስዳትም አውቅ ነበር፤ የጎረቤታችን ልጅ እናት ሒሳብ ጎበዝ ስለሆነች ሌላ ከተማ ያለ ትልቅ መሥሪያ ቤት ወስዷታል። ልጅቷ እናቷን የምታየው በዓመት አንዴ፣ የትምህርት መዝጊያ ላይ ነው፣ ስጦታ ይዛ ስትመጣ። ስጦታውን አሳይታኛለች። አንድ እግሩ የወለቀ አሻንጉሊት።

እንግዲህ እኔ ዘበኛ ሆንኩ።

ሰውዬው የመጣው እማዬ ወረቀት ልትገዛ ወጥታ ሱቁን ለእኔ ስትተውልኝ ነው። ጥቁር ቦርሳ ይዟል፣ ወርቃማ መቆለፊያ ያለው። መስኮቱ ላይ ያለውን ወረቀት አነበበ። ድጋሚ አነበበ። ከዚያ አንገቱን አስገባ።

«ሚጡ፣ ይሄን የሚያስተምረው ማነው?»

አፌ ቀደመኝ። «እናቴ ናት።»

«ውይ» አለ፣ ከልቡ። «እዚህ ሰፈር? እኔ እኮ እዚያ ረጅሙ ሕንፃ ላይ የኮምፒውተር ክፍል ነው የምሠራው። እንዲህ ያለ ሰው እኛ በመብራት ፈልገን ነው የምናጣው። ቅዳሜ እመጣለሁ በያት።»

ቦርሳውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረና ሄደ።

አልነገርኳትም። ካልነገርኳት ቅዳሜ አይመጣም ብዬ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ነገር እንደዚያ ነው የሚሠራው።

ቅዳሜ ፋርማሲስቷ እንደ አውሎ ነፋስ ገባች። «ጉድ ሆኛለሁ» አለች። «ትናንት አዲስ መድኃኒት ገባልኝ። ትኩስ። ለቲቸር አምጥቼ አስመዘገብኩት። ዛሬ ጠዋት የታተመውን ሳየው ሁሉም ጊዜው አልፏል ይላል። ሁሉም። ከመቶ ዓመት በፊት።»

ወረቀቱን ለሰዓት ሠሪው ሰጠችው። ማጉያውን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደ። «እውነትም» አለ። «ይሄ ሳል ማስታገሻ አያቴ ሳይወለዱ ነው የተበላሸው።»

«እንዲህ ከሆነ ፋርማሲ ሳይሆን ሙዚየም ነው የከፈትሽው» አለ መሰላል።

በሩ ተንኳኳ። ቦርሳው ቀድሞ ገባ፣ ሰውዬው ተከተለ። እንደምን ዋላችሁ አለ፤ ማስታወቂያውን አይቶ እንደመጣ፣ ረጅሙ ሕንፃ ላይ እንደሚሠራ፣ ትንሽ ትንሽ ፕሮግራም እንደሚያውቅ ተናገረ። ትንሽ ትንሽ ሲል ጫማውን እያየ ነው። የሚያውቁ ሰዎች እንደዚያ ነው የሚሉት፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ አጋጥመውኛል።

እማዬን አየኋት። እጇ ቁልፎቹ ላይ ነበር፤ ወደ ጭኗ ሸሸ።

ፈርታለች አልኩ በልቤ። አወቀባት።

ሰውዬው አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስክሪኑን በመሰላል ትከሻ ላይ አሻግሮ አየ። ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ በጣም በትሕትና፣ «ቲቸር፣ እንዴት ነው የጻፋችሁት? ይሄንን መንገድ የመረጡበት ምክንያት ይኖርዎታል መቼም» አላት።

እማዬ ማተሚያው ላይ ያሉትን ወረቀቶች አስተካከለች።

«የት ነው የተማሩት?» አለ።

ክፍሉ በሙሉ እሷን ይጠብቃል። ሰዓት ሠሪው እስክሪብቶውን አዘጋጅቷል፣ የምትለውን ሊጽፍ።

ከቁም ሳጥኑ ጎን ወጣሁ። «ምንም አታውቅም» አልኩ።

ሁሉም ዞሩ።

ውሸት ሲዋሽ መርዘም አለበት፣ አጭር ውሸት ይያዛል። ስለዚህ ቀጠልኩ። «አስተማሪ አይደለችም። የትም አልተማረችም። ማድ ቤት መጽሐፍ ታነባለች፣ ግን አይገባትም። ያልገባት ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት ታደርጋለች፣ ሁሉም ገጽ ላይ አለ፣ ከፈለጋችሁ ላምጣው። እነሱ የሚሏትን ነው የምትጽፈው። የማን ልክ እንደሆነ ስለማታውቅ የሁሉንም ትጽፋለች።»

ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። እየፈጠርኩ ነበር፤ አንዱ ውሸት ሌላውን እየጎተተው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አሳምሬ ዋሽቼ አላውቅም። አንድ ቃል እንኳን ሐሰት አልነበረበትም።

እማዬ አየችኝ። ረጅም አየችኝ።

«እውነቷን ነው» አለች።

ገባት። የኔ ብልጥ እናት፣ ወዲያው ገባትና ውሸቴን ተቀበለችኝ። ልስቅ ነበር።

«ቆይ» አለች ፋርማሲስቷ። «ማስታወቂያውን የለጠፍሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

«አስተማሪ እንዲመጣልኝ ነው የለጠፍኩት።»

«እኛ እኮ አስተማሪ አለ ብለን ነው የመጣነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ እስካሁን ያስተማረን ማነው?»

መሰላል ጣሪያውን አየ፤ ለሱ ቅርብ ነው። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ የሚያለቅስ መሰለኝ። ሳቁን እየዋጠ ነበር፣ አቃተው፣ ፈነዳ፤ ዱቄቱ ከጃኬቱ ተነሳ። ፋርማሲስቷ ልትቆጣው እጇን አነሳችና እሷም ተሸነፈች።

ሰዓት ሠሪው ግን አልሳቀም። እማዬ የምታየው እሱን ብቻ ነበር። ማጉያውን ከግንባሩ አወረደ፤ በመሐረቡ ጠረገ፤ ደብተሩን ዘጋ። ተነሳ። ወደ በሩ ሄደ። እማዬ ዓይኗን ጨፈነች።

እሱ ግን ከበሩ አጠገብ ያለውን የባለጉዳይ ወንበር ነው ያነሳው። አምጥቶ አግዳሚው ጎን፣ እነሱ የሚቀመጡበት በኩል አስቀመጠው።

«ነይ» አለ። «እዚህ ተቀመጪ።»

አንቺ አላት። ለመጀመሪያ ጊዜ። እማዬ ዓይኗን ገለጠች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ…»

«ይቅርታውን ቆይተሽ ታደርጊዋለሽ። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ይህን ሁሉ ቅዳሜ የኛን ግምት ስትጽፊ አንድም ቀን ያንቺን አልሰጠሽም ማለት ነው?»

«እንዴት ልስጥ? ብሳሳት ታውቁብኝ ነበር።»

«አሁንማ ታወቀብሽ» አለ ሰዓት ሠሪው። ጠመኔውን ሰጣት። «በይ ተራሽን ያዢ።»

ሰውዬው፣ ባለቦርሳው፣ እስካሁን ቦርሳውን ጭኑ ላይ እንዳቀፈ ነው። «ይቅርታ» አለ፣ «መግባት አልፈልግም ግን፣ ስህተቱ ታይቶኛል። ቀላል ነው። ሁለት ደቂቃ…»

«ተራህን ጠብቅ» አሉት ሦስቱም ባንድ አፍ።

«የሁሉም ግምት ይጻፋል» አለችው ፋርማሲስቷ። «እዚህ ቤት ሕጉ ነው። አዲስ ስለሆንክ መጨረሻ ነህ። እጅህ ንጹህ ነው?»

መዳፎቹን አየ። «ይመስለኛል።»

«እንግዲያው ጸሐፊው አንተ ነህ።»

ቁልፉ ፊት አስቀመጡት። በሁለት ጣት ነው የሚጽፈው፤ አንዷን ፊደል ፈልጎ እስኪያገኛት እኔ ራሴ ደከመኝ። እማዬ ወንበሯ ላይ ጣቶቿን ጭኗ ላይ ታራውጣለች፤ ልትነጥቀው ምንም አልቀራት።

ሰዓት ሠሪው ተነስቶ ጻፈ፦ የኮምፒውተሩ ሰዓት ተሳስቷል። ዛሬ ስንት ቀን እንደሆነ አያውቅም።

«እሱ አይደለም» አለ ሰውዬው።

«ይሞከር።»

ሞከረ። አልሠራም። ሳል ማስታገሻው አሁንም ከመቶ ዓመት በፊት እንደተበላሸ ነው።

ፋርማሲስቷ፦ ወሩና ዓመቱ ቦታ ተቀያይረዋል። ሞከረ። አሁን ደግሞ አሮጌዎቹ መድኃኒቶች ዘጠና ስምንተኛውና ዘጠና ዘጠነኛው ወር ላይ ይበላሻሉ ተባለ። መሰላል፦ ትልቅ የሚለውን ትንሽ፣ ትንሽ የሚለውን ትልቅ አድርገው። ሰውዬው አፉን ከፈተ። ሁሉም አዩት። ዘጋው። «እሺ፣ ይሞከር» አለና ጻፈ። ያረጁት መድኃኒቶች በሙሉ አዲስ ሆኑ።

«አድርገኸዋል» አለችው ፋርማሲስቷ መሰላልን። «አሁን ሰው ትገድልብኛለህ።»

የእማዬ ተራ ደረሰ።

ሰሌዳው ፊት ቆመች። ያንን ሁሉ ቅዳሜ ጀርባዋን የምትሰጠው በር ነው። ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ፤ እኔም ራሴን ነቀነቅኩ፤ አይዞሽ፣ የተሳሳተ ጻፊ፣ እንዳያውቁብሽ። እሷም ጻፈች፦ ዓመቱን ዜሮ አንድ ብለን ነው የጻፍነው። ዜሮውን እናውጣው። ጸሐፊ ነቻ፤ ትርፍ ፊደል ሁሌ ይቆረቁራታል።

ሰውዬው ዜሮውን አወጣው። አንዷን ቁልፍ ፈልጎ መታት።

ማሽኑ ቀጥ አለ። ስክሪኑ ባዶ ሆነ፣ አንድ አረንጓዴ ነጥብ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። ከሁሉም የባሰ ስህተት ነበር። ከዚያ በፊት ማንም እንደዚያ አድርጎ ተሳስቶ አያውቅም።

እማዬ ሳቀች።

እጇን አፏ ላይ አላደረገችም። ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ በጠመኔ የነጣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ሳቋ ክፍሉን ሞልቶ በመስኮቱ ወጥቶ መንገደኛ አስቆመ። እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር። «ተሳሳትኩ» ትላለች። «አያችሁ? ተሳሳትኩ እኮ።» ሰዓት ሠሪው እጇን ጨበጣት፣ ልክ ፈተና እንዳለፈች። መሰላል ያጨበጭባል። እኔም ስለምን እንደሆነ ሳላውቅ እየዘለልኩ ነበር።

የሰውዬው ተራ መጨረሻ ላይ መጣ። ዓመቱን በሁለት ቁጥር ብቻ ስለጻፍነው ማሽኑ ዜሮ አንድን ሁለት ሺህ አንድ ሳይሆን አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ አድርጎ ያነበዋል፤ አራቱንም ቁጥር እንጻፍ፣ አለ። ተሞከረ። አንድ ቦታ ረስቶ ስለነበር አልሠራም፤ «ተሳሳተ፣ ተሳሳተ» ብለው በደስታ ተንጫጩ። ሰውዬው ቀላ፣ ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ፣ ኮቱን አወለቀ፣ እንደገና ጻፈ። ማተሚያው ተነስቶ ጮኸ። ወረቀቱ ወጣ። ሳል ማስታገሻው ደኅና ነው፣ ገና ሁለት ዓመት አለው።

ሲሄድ በሩ ላይ ያዝኩት።

«አትወስዳትም አይደል?»

«ማንን?»

«እናቴን። ምንም አታውቅም እኮ።»

ጎንበስ አለልኝ። ፀጉሩ ላይ ዱቄት ነበረ፤ መሰላል አቅፎት መሆን አለበት። «አልወስዳትም» አለ። «እኔ ራሴ ልመጣ ነው የምፈልገው። ትፈቅጂልኛለሽ?»

አሰብኩበት። «ተራህን ከጠበቅህ» አልኩት።

እናቴን እንዳዳንኳት እርግጠኛ ሆኜ ስንት ዓመት እንደኖርኩ አላውቅም። ድንቹ እስከተላጠበት ቀን ድረስ ነው። ስትነግረኝ ቢላዋዋን አስቀምጣ «አድነሽኛል እኮ» አለችኝ፤ እኔም አልተከራከርኩም።

አሁን የምንሰበሰበው ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ አይደለም፤ አይበቃም። የቁም ሳጥኑ በር ግን አዲሱም ቤት ግድግዳ ላይ አለ። ሥራዬ ይኸው ሆኗል፤ ሳምንቱን ሙሉ ፕሮግራም ጽፌ ቅዳሜ ደግሞ እዚያ እሄዳለሁ፣ ለመጻፍ። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ነርስ አዲስ ደብተር ይዛ መጣች። ገጹ ላይ ቀን ጽፋለች። ጥያቄዋን ጠየቀችኝ። መልሱን ገና ሳትጨርስ አውቄዋለሁ፤ ምላሴ ላይ ነበር፤ ደግሞ እኔ መጠበቅ የምችል ሰው አይደለሁም። ምላሴን ነከስኩ።

ከኋላው ወንበር አንድ እጅ ተነሳ። እማዬ መነጽሯን አስተካከለች፣ ጠመኔውን ተቀበለች፣ ቀስ ብላ ሰሌዳው ጋ ደረሰች። ግምቷን ጻፈች።

ስህተት ነው። ፍጹም ስህተት ነው።

«ይሞከር» አልኩና ጻፍኩት።